የጋሼ ቤት ኮምፒዩተር፣ የሌላ ሰው አካውንት

ቅዳሜ ከሰዓት

የጋሼ ቤት ኮምፒዩተር ገባ። ዴስክቶፕ ነው። አዲስ፣ ከነካርቶኑ፣ ዊንዶውስ 11 ሆም የተጫነበት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ ወንበር ስር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ደርሷል፣ ስክሪኑም አልተሰበረም፣ ተመስገን ነው። ጋሼ የእድሩ ጸሐፊ ስለሆኑ መዝገቡን ወደ ኤክሴል ማስገባት ይፈልጋሉ። ትልቋ ልጅ 12ኛ ክፍል ነች። ትንሹ ደግሞ ጌም። እትዬ «ለኔ ምን ያደርግልኛል» ብለዋል፣ የተገዛው ግን በሳቸው የእቁብ ብር ነው።

እኔ የተጠራሁት «አልገባም አለን» ተብዬ ነው። ሱቁ ሁሉን ነገር ጨርሶ፣ አካውንት ከፍቶ፣ ፒኑን ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ ልኮታል። ልጅቷ የተጻፈውን ስታስገባ ስህተት ይላታል። ደጋግማ ሞክራ ሞክራ በመጨረሻ ስክሪኑ ኤ1ቢ2ሲ3 ብለሽ ጻፊ አላትና ቫይረስ ገባ ብላ ሶኬቱን ነቀለችው። ቫይረስ አይደለም። ፒን ሲደጋገም ስህተት ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ ይህን ያስጽፋል። ኪቦርዱ በትክክል እየሠራ እንደሆነና የሆነ ዕቃ ተደግፎት ዝም ብሎ እየጻፈ እንዳልሆነ ለማወቅ ነው። ጻፉትና ቀጥሉ።

ካርቶኑን በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። 7 ተብሎ የተነበበው ቁጥር 1 ነው፣ ጸሐፊው አናቱ ላይ ረጅም ጭረት ስለሚያደርግ። በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ሰሌዳም ማብሪያው፣ ነም ሎክ የሚባለው ቁልፍ፣ ጠፍቶ ስለነበር ምንም አይጽፍም። ከላይ ባለው መስመር አስገባሁት፣ ከፈተ።

ጋሼ «በቃ አለቀ፣ ቡና ይፈላ» አሉ። ቡናው ፈላ፣ ነገሩ ግን አላለቀም።

ልጅቷ ከስልኳ ያስተላለፈችው የእድር መዝገብ ፎቶ ዴስክቶፑ ላይ አለ። አጠገቡ ትንሽ አረንጓዴ የራይት ምልክት። ይሄ የዋንድራይቭ ምልክት ነው፣ ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ መጋዘን ተልኳል ማለት ነው። የማን መጋዘን? ሲ ድራይቭ ውስጥ የተጠቃሚዎች ፎልደር ገብቼ አየሁ። የፎልደሩ ስም ከቤቱ ሰው ስም ጋር የማይገናኝ አምስት ፊደል ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዊንዶውስ የኢሜይሉን የመጀመሪያ አምስት ፊደላት ወስዶ ፎልደር ይሠራል። ሴቲንግ ገባሁ፣ አካውንትስ የሚለውን ከፈትኩ፣ የሱቁ ልጅ የግል ኢሜይል ከነሙሉ ስሙ ተቀምጧል። ከስሩ «አድሚኒስትሬተር» ይላል፣ የኮምፒዩተሩ አዛዥ ማለት ነው።

በአጭሩ ቤቱ ተገዝቶ ካርታው በሻጩ ስም ነው።

ቅዳሜ ማታ

ሱቁ ጋ ደወልኩ። ልጁ ትሑት ነው፣ ክፋት የለበትም። «ብሮ፣ ለሁሉም ደንበኛ እንደዚህ ነው የምናደርገው፣ ምንም ችግር የለውም» አለኝ። ዊንዶውስ 11 ሆም መጀመሪያ ሲነሳ ያለኢንተርኔትና ያለማይክሮሶፍት አካውንት አላልፍ ይላል፣ ደንበኛው ደግሞ ኢሜይል የለውም፣ ስለዚህ የራሱን ያስገባል። ይገባኛል። ችግር የለውም የሚለው ግን አይዋጥልኝም። ምክንያቱን ለጋሼ እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው፦ አንደኛ፣ ዴስክቶፕና ዶክመንት ላይ የምታስቀምጡት ሁሉ ወደ ልጁ መጋዘን ይሄዳል። ሁለተኛና ዋናው ደግሞ ዲስኩ ተቆልፏል።

ይሄ ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ዲስኩ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን ያመሰጥራል። ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን ይባላል። 48 አሃዝ ያለው የማዳኛ ቁልፍ ይፈጠርና ወደዚያ አካውንት ይላካል። ደህና ቀን ላይ አይታይም። አንድ ቀን ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒዩተሩን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ሲነካ ወይም ማዘርቦርድ የሚባለው ዋናው ሰሌዳ ሲቀየር ግን ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ቁልፉን አምጣ ይላል። ያን ቀን ልጁ ስልክ ቀይሮ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ኢሜይሉ ጠፍቶ ቢሆንስ? የእድሩ መዝገብ እዚያው ቀረ።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ አሁኑኑ ይውጣልና!» አሉ።

ሁሉን አጥፍቶ ከአዲስ መጀመርም ይቻላል። ያገለገለ ኮምፒዩተር ቢሆን ኖሮ ሳላመነታ አደርገው ነበር። ይሄ ግን አዲስ ነው፣ ዕቃዎቹን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ሁሉ ተስተካክሏል፣ ኢንተርኔቱም የስልኬ ሆትስፖት ነው። ስለዚህ ቤቱ ሳይፈርስ ባለቤቱን መቀየር ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ሥራ አዲስ አድሚኒስትሬተር መፍጠር ነው። የድሮውን ከማስወጣት በፊት አዲሱ መግባት አለበት፣ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ጉድ ይፈላል። ሴቲንግ፣ አካውንትስ፣ አዘር ዩዘርስ፣ አድ አካውንት። ኢሜይል ሲጠይቅ «የዚህ ሰው መረጃ የለኝም» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ያለማይክሮሶፍት አካውንት ጨምር» የሚለውን መጫን ነው። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል «ቤት» አልኩት። በአማርኛ ፊደልም ይቀበላል፣ ግን ፎልደሩ በዚያው ስም ስለሚሠራ አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራም ይጨናነቃል፣ በኋላ ላይ የፎልደር ስም መቀየር ደግሞ ራስ ምታት ነው። ፓስወርድ ሲሰጠው ሦስት የደህንነት ጥያቄ ያስሞላል። መልሶቹን ከፓስወርዱ ጋር ወረቀት ላይ ጻፍን፣ እትዬ የቤቱ ወረቀቶች ያሉበት ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ከዚያ «ቼንጅ አካውንት ታይፕ» የሚለው ጋ ሄጄ ከስታንዳርድ፣ ማለትም ከተራ ተጠቃሚ፣ ወደ አድሚኒስትሬተር ቀየርኩት። ሲፈጠር ስታንዳርድ ሆኖ ነው የሚፈጠረው፣ ይህቺን ደረጃ የዘለለ ሰው በኋላ ሲፈልግ ያድራል።

ለጋሼ ደግሞ ስታንዳርድ አካውንት ከፈትኩላቸው። እዚህ ላይ ቅሬታ ተነሳ።

«የቤቱ አባወራ እኔ፣ አዛዡ ሌላ?»

አዛዥነቱ ለዕለት ሥራ አይሆንም፣ አንቱም ብትሆኑ እኔም ብሆን ብዬ አስረዳሁ። በአድሚኒስትሬተር ገብተህ ስትሠራ ዊንዶውስ አንድ ነገር ሊቀይር ሲል «ልፍቀድ?» ብሎ አዎ ወይም አይ ብቻ ነው የሚጠይቅህ፣ እጅ ደግሞ አዎን መጫን ለምዷል። በስታንዳርድ ከሆነ የአድሚኒስትሬተሩን ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ወረቀቱን ለማምጣት ሳጥኑ ጋ እስክትሄድ ድረስ ታስብበታለህ። አልተዋጠላቸውም። ነገ ያየዋል ብለን ተለያየን።

እሁድ

ነገ አየው።

ዕቅዱ እትዬ የራሳቸው የማይክሮሶፍት አካውንት እንዲኖራቸውና ሁለተኛ አድሚኒስትሬተር እንዲሆኑ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። አንዱ የኢንተርኔት አካውንት የሚሆነው ለማዳኛ ቁልፉ ሲባል ነው። የዲስኩ ቁልፍ የሚቀመጥበት አካውንት ያስፈልጋልና። ለምን እትዬ? የቤቱ ገንዘብ ያዥ እሳቸው ናቸው፣ ወረቀት አይጥሉም፣ ጌም አይጭኑም።

አካውንት መክፈቻው ግን ወይ ፍንክች። «የሆነ ችግር ተፈጥሯል፣ ቆይተው ይሞክሩ።» ሆትስፖቱ ደህና ነው፣ ስልኬ ላይ ሁሉም ይከፈታል። ብሮውዘሩን ከፍቼ ሞከርኩ፣ እያንዳንዱ ድረ ገጽ ቀይ ማስጠንቀቂያ፦ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል። የስክሪኑን ቀኝ ጥግ አየሁ።

2018።

ጋሼ ማታ እኔ ከሄድኩ በኋላ ሰዓቱ ተሳስቷል ብለው አስተካክለውታል! ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ኮምፒዩተሩ 8 ይላል፣ ዓመቱም የኛ አይደለም። ልጅቷ በሱቁ አካውንት ገብታ ራሱን የሚያስተካክልበትን አጥፍታላቸው፣ ወሩንም ቀኑንም ዓመቱንም በኛ አቆጣጠር ሞልተውታል። እንደ ቀን መቁጠሪያ ካየነው ትክክል ናቸው። ኮምፒዩተሩ ግን 2018 ሲባል የፈረንጆቹን 2018 ነው የሚያውቀው። ዊንዶውስ 11 ራሱ የወጣው በጥቅምት 2021 እንደፈረንጆቹ ነው። ያልተወለደ ሲስተም ላይ ቁጭ ብለን አካውንት ልንከፍት ነበር።

መግባት ያቃተው ለምን እንደሆነ ማወቅ ጥሩ ነው። አስተማማኝ ድረ ገጽ ሁሉ መታወቂያ አለው፣ ሰርተፊኬት የሚባለው። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል ተብሎ የተጻፈበት ነው። ኮምፒዩተሩ ከመነሻው ቀን በፊት ያለ ከመሰለው መታወቂያው ገና አልተሰጠም ብሎ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ አዲስ ኮምፒዩተር አልገባም ሲል ፓስወርድ ከመቀየራችሁ በፊት ቀኑን እዩት። በኛ ሀገር በተለይ።

ቀኑን መልሼ አውቶማቲክ አደረግኩት። የሰዓት ክልሉ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የሚል የለም፣ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ሲደመር 3 ላይ «ናይሮቢ» የሚለውን መምረጥ ነው። አጋጣሚው ግን ለኔ ሠራልኝ፦ በስታንዳርድ አካውንት የኮምፒዩተሩን ቀንና ሰዓት መቀየር አይቻልም። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ሳቁ፣ «እንግዲያው የተከለከልኩት በደንብ ነው» አሉ።

ሰዓቱን በኛ ማየት ግን ይፈልጋሉ፣ መብታቸውም ነው። ዘዴ አለው። ዊንዶውስ ከዋናው ሌላ እስከ ሁለት ተጨማሪ ሰዓት ያሳያል፣ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ቀንና ሰዓት፣ አዲሽናል ክሎክስ። የኛ አቆጣጠር ከናይሮቢ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ማለትም ሲቀነስ 3። ሲቀነስ 3 ላይ ያለው ቦይነስ አይረስ ነው። ቦይነስ አይረስን መረጥኩና መጠሪያውን «ደብረ ብርሃን» ብዬ ጻፍኩበት። አሁን ማውሱን ሰዓቱ ላይ ሲያሳርፉት ሁለቱንም ያያሉ። ከስሩ ያለው የጠዋትና የከሰዓት ምልክት አይመሳሰልም፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ከሰዓት በኋላ 1 ይላል። እሱን ይተዉታል። ቅንብሩ በአካውንት ስለሆነ የልጆቹን አይነካም።

ከዚያ የእትዬ አካውንት በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ስልክ ሲጠይቅ 251 ከተመረጠ በኋላ የመጀመሪያዋ 0 አትገባም። የልደት ዓመት ደግሞ በፈረንጅ ተቀይሮ ይግባ፣ የገባውም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፣ አካውንቱ አንድ ቀን ቢቆለፍ ማንነት ለማጣራት ሊጠየቅ ይችላልና። እትዬ የተወለዱት ጳጉሜን ነው። «13ኛ ወር የላቸውም እንዴ?» ብለው ታዘቡ።

ሰኞ ማታ

እትዬን አድሚኒስትሬተር አደረግኩና በሳቸው ገባሁ። ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲና ሴኩሪቲ፣ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን። አጥፋው አልኩት። ዲስኩን መፍታት ጀመረ፣ ቶሎ አያልቅም። መሐል ላይ መብራት ጠፋ።

ቤቱ ውስጥ ሁሉም ጸጥ አለ፣ ትንሹ ልጅ «ሞተ?» አለ። አልሞተም። ይሄ ሥራ መብራት ሲሄድ ይቆማል፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ጋቢ ተከናንበን በሻማ ቁጭ አልን፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ሰኔ አይል ታኅሣሥ፣ ጣት አያላውስም። መብራቱ መጣ፣ ቀጠለ፣ ጨረሰ።

ከዚያ መልሼ አበራሁት። አዲስ ቁልፍ ተፈጠረ፣ በእትዬ አካውንት ውስጥ ገባ። ገባ ተብሎ ዝም አይባልም። ስልኬ ላይ በእትዬ ኢሜይል ገብቼ ቁልፉ መኖሩን በዓይኔ አየሁ፣ 48ቱን አሃዝ ልጅቷ በእጇ ገለበጠች፣ እኔ ጮክ ብዬ እያነበብኩ እሷ አረጋገጠች። ወደ ሳጥኑ።

ማክሰኞ

የሱቁን አካውንት ማስወጣት። ሪሙቭ የሚለው ቁልፍ የዚያን ሰው ፎልደር በሙሉ ከነፋይሉ ያጠፋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶዎቹን ማዳን። የዋንድራይቭ ምልክቶቹን ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ አረንጓዴ ራይት ያለበት ኮምፒዩተሩ ላይ አለ፣ ሰማያዊ ዳመና ብቻ ያለበት ግን ስሙ ነው እንጂ ፋይሉ እዚህ የለም። ዳመና የነበረባቸውን «ሁልጊዜ እዚህ ይቀመጥ» ብዬ አወረድኩና ሁሉንም ለሁሉም አካውንት ወደሚታየው ፐብሊክ ፎልደር ገለበጥኩ። ከዚያ «ቤት» በሚለው ገብቼ አስወጣሁት። ዊንዶውሱ ፈቃዱን አያጣም፣ ፈቃዱ ከማሽኑ ጋር ነው የተያያዘው።

ለሱቁ ልጅ ደወልኩ፣ በራሱ አካውንት ከመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ይሄን ኮምፒዩተር፣ ከዋንድራይቩም ፎቶዎቹን እንዲያጠፋ። አጥፍቶ በቴሌግራም ስክሪንሾት ላከ። ከዛሬ ጀምሮ ለደንበኞቹ በየራሳቸው ኢሜይል እንዲከፍት ነገርኩት፣ እሺ ብሏል።

የጎረቤት ልጅ መጥቶ ደግሞ «ዊንዶውስ ውስጥ የተደበቀ አድሚኒስትሬተር አለ፣ እሱን ላብራላችሁ» አለ። እውነቱን ነው፣ አለ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ የጠፋውም በምክንያት ነው። ሲበራ ካላበጁለት ፓስወርድ የለውም፣ ሲሠራም «ልፍቀድ?» ብሎ አይጠይቅም። ያለጠባቂ ቁጭ ያለ ሥልጣን ነው። አመስግነን ሸኘነው።

ሐሙስ

ልጅቷ ደወለች፣ በከፈትኩላት የራሷ አካውንት ላይ ትናንት የቀየረችው ፓስወርድ አይሠራም። እርግጠኛ ነሽ? እርግጠኛ ነኝ። ሄድኩ።

ስክሪኑ ላይ ፓስወርድ መጻፊያው ጋ በቀኝ በኩል ያለችውን የዓይን ምልክት ተጭና እንድትጽፍ አደረግኩ። የኢሜይል ምልክቷን፣ ያቺን የተጠቀለለች ኤ፣ ሽፍትና 2 ስትጫን ስክሪኑ ላይ የትምህርተ ጥቅስ ምልክት ይወጣል። ነገሩ ገባኝ። የመግቢያ ገጹ ኪቦርድ የእንግሊዝ ነው፣ በሷ አካውንት ውስጥ ደግሞ የአሜሪካ። በሁለቱ መሐል እነዚህ ሁለት ምልክቶች ቦታ ይለዋወጣሉ። ቁልፉ ላይ የታተመው የአሜሪካው ስለሆነ ጣቷ አልተሳሳተም። ዊንዶውስና ስፔስ ባርን አብራ ተጭና ኪቦርዱን ቀየረችው፣ ገባች።

ዘላቂው መፍትሔ በ«ቤት» ገብቶ ቋንቋውን አሜሪካ ብቻ አድርጎ፣ ከቋንቋ ቅንብሩ ስር አድሚኒስትሬቲቭ በሚለው በኩል ወደ መግቢያው ገጽ መገልበጥ ነው፣ «ዌልካም ስክሪን» የሚለውን ምልክት አድርጎ። አደረግኩት። አማርኛ መጻፊያውን ለየአካውንቱ ለብቻ መጨመር ያስፈልጋል፣ ለጋሼ ጨመርኩ።

ቅዳሜ

የትንሹ ልጅ ተራ። እትዬ የጌም ሰዓት እንዲገደብለት ይፈልጋሉ። ገደቡ የሚሠራው በማይክሮሶፍት የቤተሰብ አካውንት ስለሆነ በሳቸው ስር ከፈትንለት። የልደት ዓመቱን እትዬ 2009 ብለው ሲጽፉ አስቆምኳቸው፣ እንደዚያ ቢገባ የ9 ዓመቱን ልጅ ጎረምሳ ያደርገዋል። አስተካከልን። በሥራ ቀን 1 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ 2 ተባለ። ልጁ ተደራድሮ ቅዳሜን 3 አደረገው።

ወዲያው አንድ ጌም አውርዶ ሊጭን ሲል የአድሚኒስትሬተር ፓስወርድ ጠየቀው። ጋሼ ከኋላ ቆመው ሲያዩ ደስ አላቸው። ልጁ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሌላ ሞከረ፣ ያኛው ማንንም ሳይጠይቅ ተጫነ። ጋሼ ወደኔ ዞሩ። ስታንዳርድ አካውንት ሁሉን አይከለክልም። በራሱ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ ፕሮግራም ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ብዙ ብሮውዘርና ጌም እንደዚያ ነው የተሠራው። የሚጎዳውም በአብዛኛው የዚያን ልጅ ፎልደር ነው፣ የእድሩን መዝገብ ከልጁ አካውንት መክፈት አይችልም። አዎ፣ ጋሼ መዝገቡን ከፐብሊክ ወደ ራሳቸው ዶክመንት ካዛወሩት። ተቀምጠን አዛወርነው።

የቀረው ፕሪንተሩ ነው። ድራይቨሩ ሲጫን ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ወረቀቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ የሳጥኑ ቁልፍ እትዬ ወገብ ላይ፣ እትዬ ደግሞ ገበያ ናቸው።